ምስክሩ ሲሰበር

ቀጭኑን የብረት ዝርግ በሞርሳ መቆንጠጫ አጥብቃ ጫፉን ስትጫነው ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ኢንጂነሯ ሁለቱን ስባሪዎች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አኖረች። ምንም አልተሰማትም።

«እንደ ሽቦ መታጠፍ ነበረበት» አለ አለቃዋ ከጀርባዋ።

«ነበረበት።»

የሮኬቱ ነበልባል የሚወጣበት አፈሙዝ እቶን ሲገባ፣ እርሱ ከተሠራበት፣ ኒዮቢየም ከሚባል ብረት ቅይጥ የተቆረጠ ዝርግ አብሮት ይገባል፤ «ምስክር» ይሉታል። አፈሙዙን ሰብሮ ማየት አይቻልምና በእርሱ ፈንታ ምስክሩ ይፈተናል። ቅይጡ ኃይለኛ እሳት ይችላል፤ እንደጋለ አየር ካገኘው ግን መልኩ ሳይለወጥ ውስጡ ተሰባሪ ይሆናል። ስለዚህ እቶኑ ከመቶ ዲግሪ በታች ሳይበርድ አይከፈትም፤ ሲከፈትም ኢንጂነሯ ልትገኝ ግድ ነው።

ባለፈው ሳምንት፣ እናቷ እያጣጣረች መሆኗ ከሆስፒታል ሲነገራት፣ የእቶኑ ሙቀት መለኪያ ገና ከአምስት መቶ በላይ ያሳይ ነበር። «ይክፈቱት ጋሼ» አለችው ሽማግሌውን የእቶን ሠራተኛ። ተከፈተ። ሆስፒታል ስትደርስ አልጋው በአዲስ አንሶላ ተነጥፎ ጠበቃት።

«አፈሙዙስ ይጣላል» አለ አለቃው የጥፋቱን ቅጽ እየገፋላት። «የቸኮለው ሽማግሌው ነው በይ። እርሱ ጡረታ ሊወጣ ሁለት ወር ቀርቶታል፤ አንቺ ግን ስምሽ ከተጻፈ ከሥራሽ ትነሻለሽ።»

የእቶኑ ሠራተኛ በሩ ላይ ቆሞ ሰማ። እሳት ፊት ሹራቡን ስለማያወልቅ «ብርዱ» ይሉታል።

«በእኔ ጻፊው ልጄ» አለ። «ሠላሳ ዓመት ዘገምተኛ ሲሉኝ ኖረው፣ ቸኮለ ከተባልኩ ክብሬ ነው።»

ፈገግ ልትል ሞከረች፤ ፊቷ እንቢ አላት።

«ጡረታዎን ቢቆርጡብዎትስ?»

ሽማግሌው «ተይው» በሚል እጁን አወዛወዘ።

«ማን ክፈት ብሎዎት ነው የከፈቱት ጋሼ?»

«እናትሽ እኮ...»

«እናቴ አላዘዘችዎትም።»

አለቃው ተነፈሰና እርሳስ አቀበላት። «ለጊዜው በእርሳስ ሙይው። ነገ ልብሽ ሲረጋ እናየዋለን።»

እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ከሽማግሌው የደረት ኪስ ብዕሩን መዝዛ፣ «ያዘዘው» በሚለው መስመር ላይ የራሷን ስም እስከ አያቷ ጻፈች።