በጭማቂ ካርቶን የታተመችው ንብ

ውሸት እወዳለሁ፤ አልደብቅም። የማንኪራ ጫካ ንብ ላንድክሩዘር ተሸክማ ጫካውን ስታሻግር አይቻለሁ ብዬ ግማሽ ቦንጋን አሳምኛለሁ። የቀረው ግማሽ የመኪናውን ታርጋ ጠየቀኝ፤ እሱንም ነገርኩት። እንዲህ ያለ ሰው በ2004ቱ ባዛር ላይ አልዋሽም ብሎ ከሹም ጋር ተጣላ ቢባል ማን ያምናል?

ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ሳቆም ይዤው የወጣሁት ኮምፓስ ብቻ ነው። ሰርግና ስብሰባ የጣለውን የጭማቂ ካርቶን እለቅማለሁ፣ ቀድጄ አጥበዋለሁ፣ በሚያብለጨልጨው ውስጠኛ ገጹ ላይ በኮምፓሱ ሹል ሥዕል እጭራለሁ። የፈተና ማባዣ ቀለም ቀብቼ በጨርቅ እወለውለዋለሁ፤ ቀለሙ ጭረቱ ውስጥ ብቻ ይቀራል። ከዚያ እርጥብ ወረቀት ደርቤ፣ በብርድ ልብስ ቁራጭ እሸፍነዋለሁ፤ ጓደኛዬ ኤሊ በባጃጁ ጎማ ይሄድበታል። ማተሚያ ቤታችን ይኸው ነው።

ለባዛሩ ያቺን ባለ ላንድክሩዘር ንብ አተምኩ። አዳራሹ ግድግዳ ላይ እንድትሰቀልልኝ ነው የፈለግሁት፣ ሌላ ምንም። እስከዚያ ቀን ስሜ ግድግዳ ላይ የወጣው የወደቁ ተማሪዎች ሲለጠፉ ብቻ ነበር።

አስተባባሪው አቶ ቀጸላ ሥዕሏን ሲያዩ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

"አንተ ብስራት! በምን ሠራሃት?"

"በጭማቂ ካርቶን፣ ጋሼ።"

ሳቃቸው ቀጥ አለ። "ቆሻሻ ነዋ! ከክልል እንግዳ ይመጣል እኮ። የገጽታ ግንባታ ላይ ነን!" ከዚያ ጠጋ ብለው፣ "ስማ፣ ከሥሩ 'በመዳብ ሰሌዳ የታተመ' በልና ጻፍ። መሃል ግድግዳው ላይ አሰቅልልሃለሁ።"

"አልጽፍም።"

"አንተ? ጎጀብ ውስጥ አዞ እንሰት ሲፍቅ አየሁ ብለህ አክስቴን ወንዝ ድረስ ያስኬድክ አንተ አይደለህም?"

"እሱ ጨዋታ ነው። መዳብ ካልኩ ግን ያየ ሁሉ 'መዳብ ከየት አመጣለሁ' ብሎ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ካርቶን የማይጥል ቤት የለም ጋሼ።"

"እንግዲያው ቦታ የለህም።"

ቦታ ግን ነበረ። ከሥሯ በትልልቁ "በጭማቂ ካርቶንና በባጃጅ የታተመ" ብዬ ጽፌ ራሴ ሰቀልኳት። እሳቸው መጥተው ሚስማሯን ነቀሉና ኪሳቸው ከተቱ። ንቤ መሬት ወደቀች። አነሳኋት፣ ግድግዳው ላይ መልሼ በሁለት እጄ ተጭኜ ያዝኳት።

አጠገቤ ቅመም የሚሸጡት እትዬ አሰለፈች ደነገጡ። "ውይ ልጄ፣ እጅህን ግድግዳ ላይ ያስደረጉህ ለፍተሻ ነው?"

"አይ እትዬ፣ ሚስማር ሆኜ ነው።"

እሳቸው በሳቅ ሲፈርሱ እንግዶቹ ገቡ። አንዱ ባለ ክራቫት ቀረብ ብሎ በክንዶቼ መሃል አንገቱን አሰገገ። "ግሩም ነው! በምን ተሠራ?"

አቶ ቀጸላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ይሄ እንግዲህ በመዳ..."

"በጭማቂ ካርቶን!" ብዬ ጮኽኩ። አዳራሹ ሁሉ ዞረ። "እርስዎም ቤት አለ፣ ነገ እንዳይጥሉት!"

ሰውዬው ከሥሯ ያለውን ጽሑፍ አነበበ፣ ሳቀ፣ ጓደኞቹን ጠራ። አቶ ቀጸላ በጆሮዬ፣ "እስከ መቼ ተገትረህ ልትቆም ነው?" አሉኝ።

ትከሻዬ እየተቃጠለ ነበር። "አዳራሹ የሚዘጋው አሥራ አንድ ሰዓት አይደል?"