ያልሞቀው ውሃ

ፈንታነሽ መዳፏን ከታንከሩ ሆድ ላይ ለጥፋ ቆየች። አሁንም ይቀዘቅዛል። ከጎኑ ያለው ቦይለር ግን ያጓራል፤ ምድጃው ውስጥ የባሕር ዛፉ ግንድ ይንጣጣል፤ የግፊት መለኪያው መርፌም ቀዩን መስመር ሊነካ ትንሽ ቀርቶታል።

"አልሞቀም?" አሉ ጋሼ ይማም ከበሩ ላይ ሆነው። የደብረ ታቦር ቆርቆሮ ሠሪ ናቸው፤ ቦይለር ነክተው አያውቁም። ፈንታነሽ በማለዳ ሱቃቸው ድረስ ሄዳ ስለለመነቻቸው ነው የመጡት።

"በረዶ ነው፣ ጋሼ።"

ወዲያው ከቦይለሩ አናት ላይ ያለው ማስተንፈሻ ተከፈተና እንፋሎቱ እየጮኸ ጣሪያውን መታው።

"እሳቱን አውጪ! አውጪው ልጄ፣ ይፈጀናል!"

ፈንታነሽ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ፍሙን በአካፋ እየዛቀች ደጅ ደፋችው። የነደደው እንጨት በከንቱ ቀረ። ስትጨርስ እዚያው አመዱ አጠገብ ተቀመጠች።

መጠለያው ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። የሰባ ሰባቱ ድርቅ ከእብናት በኩል ያፈናቀለው ሕዝብ በየድንኳኑ ተጠጋግቶ ተኝቷል፤ ቅማል ደግሞ የሚያገረሽ ትኩሳት እያዛመተበት ነው። ነርሷ ሲስተር አልማዝ መድኃኒት ትሰጣለች፤ የዳነው ሰው እዚያው ቅማላም ልብሱ ውስጥ ተመልሶ ይተኛል፤ ሌላውም ከእሱ ይይዘዋል። ሰዉን በሙቅ ውሃ ማጠብ፣ ልብሱንም መዘፍዘፍ ግድ ነበር። በድስት የሚፈላው ውሃ እንደሆነ ለመጠጥና ለአጥሚት እንኳ አልበቃ ብሏል።

ቦይለሩን ያንቀሳቅስ የነበረው የፈንታነሽ ባል በላይነህ ነው። በገበያ ቀን ጨው ሊገዛ እንደወጣ ለብሔራዊ ውትድርና ታፍሶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ቦይለሩ ውሃው ተንጠፍጥፎ ያለ እሳት ከረመ። በመጠለያው ሕመምተኛ የምታስታምመው ፈንታነሽ ስለ ቦይለር የምታውቀው ምሳ ስታደርስለት ቆማ ያየችውን ብቻ ነው። ያንኑ እያስታወሰች ትናንት ብረቱ እንዳይዝግ የሚጨመረውን መድኃኒት ጨምራ ውሃ ሞላችው፤ ዛሬ እሳት ለኮሰች።

ሲስተር አልማዝ ጩኸቱን ሰምታ እየሮጠች መጣች።

"ተጎዳችሁ?"

"ደህና ነን። ግን ሊሞቅልን አልቻለም።"

"ቦይለሩ ውስጥ ያለው ፈልቶ የለ? እሱኑ ለምን አንቀዳም?"

"የዝገት መድኃኒት አለበት፣ ሲስተር። በላይነህ እጄን አያስነካኝም ነበር። ደግሞ ውሃው ከጎደለ ብረቱ ይሰነጠቃል።" ፈንታነሽ ወደ ታንከሩ አመለከተች። "የፈላው በዚህ ቧንቧ ይሄድና ታንከሩ ሆድ ውስጥ በተጠማዘዘ መዳብ ዞሮ ይመለሳል። ሰው የሚታጠብበትን ውሃ ሳይቀላቀለው ነው የሚያሞቀው። አሁን አልዞር ብሏል።"

"ሰዉ ከጠዋት ጀምሮ ደጅ ላይ ነው፣ ፈንታነሽ።"

"አውቃለሁ።"

ሰልፉን ላለማየት ብትፈልግም ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ማለፏ አልቀረም። ከጉና የሚወርደው ነፋስ አቧራውን እያነሳ ሰዉ ፊት ላይ ይበትነዋል። ከፊት የተቀመጠችው ሀዋ የምትባል የእብናት ሴት ናት፤ ትንሿ ልጇ ሰዓዳ በጆንያ ተጠቅልላ ጭኗ ላይ ትንቀጠቀጣለች።

"እህቴ፣ ደረሰ?" አለች ሀዋ። "በረደኝ፣ በረደኝ ትላለች። ትንሽ ሞቅ ያለ ነገር ሰውነቷን ቢነካው..."

"አሁን ይደርሳል። አንቺን ነው የማስቀድመው።"

ከአፏ ሲወጣ ራሷም አላመነችውም።

ተመልሳ ጥቂት እሳት ለኮሰች። ጋሼ ይማም ቧንቧውን በመዳፋቸው እየዳበሱ ተከተሉት። የፈላውን ገፍቶ እስከሚያዞረው የኤሌክትሪክ ፓምፕ ድረስ ያቃጥላል፤ ከፓምፑ ወዲያ ቀዝቃዛ ነው። ካቻቢቴያቸውን ፓምፑ ላይ ተክለው እጀታውን ወደ ጆሯቸው አስጠግተው አዳመጡ።

"ያቃስታል እንጂ አይዞርም። ሳይሠራ ከርሞ ዝገት ነክሶታል። ማብሪያውን አጥፊው።"

ክዳኑን ፈቱ፤ ዘንጉ ላይ ዘይት ጠብ አደረጉ፤ በፒንሳ ወዲያና ወዲህ እያሉ ታገሉት። ብዙ ቆይቶ ቀጭ አለና ተላቀቀ። ፈንታነሽ ማብሪያውን ስትነካው ፓምፑ ዞረ፤ ሁለቱም በአንድ አፍ "ተመስገን!" አሉ። ቧንቧው ውስጥ ግን የሚንቦጫረቅ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። ጠበቁ። ታንከሩ ያው በረዶ ነው።

"ከዚህ ወዲያ የኔ እውቀት የለም፣ ልጄ" አሉ ጋሼ ይማም ግንባራቸውን እየጠረጉ። "አልዋሽሽም።"

ፈንታነሽ ታንከሩን በሁለት እጇ ደበደበችው። "በላይነህ! ምን ላድርግ? ምን ላድርግ በል!" እያለች አለቀሰች። አልቅሳ አልቅሳ ሲደክማት ጆሮዋ ያንን መንቦጫረቅ ሰማ። በላይነህ አዲስ ውሃ በሞላ ቁጥር መሰላል ይወጣ ነበር፤ ምን እንደሚሠራ ስትጠይቀው፣ "ሆዱ ተነፍቷል፣ ላስተነፍሰው" ብሎ ይስቅባታል።

"አየር ነው!" ብላ ብድግ አለች። "አየር ዘግቶት ነው፣ ጋሼ! ፒንሳውን ይስጡኝ!"

መሰላሉ ላይ ወጣች። ከቧንቧው ጫፍ ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን ስታላላት ፉጨት ወጣ። ፉጨቱ ረዘመ፤ ቀጥሎ ቀይ ውሃ ተፋ፤ በመጨረሻም የፈላው ፈሶ እጇን ለበለባት። ጥርሷን ነክሳ ብሎኗን አጠበቀች። ታች ጋሼ ይማም የመመለሻውን ቧንቧ ይዘው ነበር፤ እንደ ነካቸው እጃቸውን ሰበሰቡ።

"ዞረ! ፈንታነሽ፣ ዞረ!"

ታንከሩ ቀስ በቀስ ሞቀ። ጥላው ሲረዝም ከመታጠቢያው ቧንቧ እንፋሎት ያለው ውሃ ወረደ። ፈንታነሽ ቃሏን ልትፈጽም ወደ ሰልፉ ሮጠች።

ሀዋ ከቦታዋ አልተነሳችም። ጆንያው አይንቀጠቀጥም። ሲስተር አልማዝ አጠገቧ ተንበርክካ የልጅቷን ዓይን በጣቶቿ ከድና ነበር።

"ደረሰ?" አለች ሀዋ ቀና ሳትል። "እንግዲያውስ ለቀብሯ ማጠቢያ ውሃዋን ስጡኝ።"

ሲስተር አልማዝ ፈንታነሽን ወደ ጎን ሳበቻት፤ ዓይኖቿ ቀልተዋል።

"ሙቁ ውሃ ለሕያዋን ነው። እንጨቱ ከዛሬ አያልፍም፤ ሰልፉን ታይዋለሽ። እያንዳንዱ ባልዲ አንድ ሰው ነው።"

ጋሼ ይማምም አንገታቸውን ደፍተው፣ "ለሬሳ ትጥበት ቀዝቃዛም ይሆናል፤ በኛ በሙስሊሞቹ ዘንድ አይከለከልም" አሉ።

ሀዋ ሰምታቸው ነበር። "ይሁን" አለች። "ሲበርዳት ስለዋለ ነው እንጂ።"

ፈንታነሽ ወደ መታጠቢያው ተመለሰችና ባልዲ አነሳች።

"እኛም ሠራተኞቹ ዛሬ የምንታጠብ ነን አይደል፣ ሲስተር?" አለች።

"አዎ። ከሁሉም በላይ እናንተ ናችሁ ከሕመምተኛው ጋር የምትነካኩት፤ ካልታጠባችሁ..."

"የኔን ድርሻ ነው የምቀዳው።"

ሲስተር አልማዝ ከመታጠቢያው ቧንቧ ፊት ገለል አለችላት። ፈንታነሽ ባልዲውን ከሙቁ ሞላች። ጥቂት ቀዝቃዛ ጨመረችበትና፣ ሕፃን እንደሚያጥብ ሰው፣ ክንዷን ነክራ ለካችው። አሁንም ያቃጥላል። ትንሽ ጨመረች፣ እንደገና ነከረች።

"ነይ፣ ሀዋ" አለች፤ ባልዲውን አንጠልጥላም ከፊት ቀደመች።