የእትዬ ደሳለች መደብ

እትዬ ደሳለች ቀጭን ሆነው አያውቁም። እኔ ብቻ ሳልሆን እሳቸውም ይሉታል። አጥር የምንጋራ ጎረቤቴ ናቸው። ባለቤታቸው አቶ መሸሻ ካረፉ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል፤ አንዲት ልጃቸው አዳማ ተድራ ትኖራለች። ዕድሜያቸውን ሙሉ የድግስ ወጥ ሲሠሩ ኖረዋል፤ ከቀጨኔ እስከ ሸጎሌ የተዳረ ሰው ሁሉ እጃቸውን ቀምሷል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ወጥ ሠሪ ደግሞ ይቀምሳል። አንዴ ጨው በቅቶት እንደሆነ፣ አንዴ ቅመሙ ገብቶ እንደሆነ ለማየት። ሦስተኛውን ለምን እንደሚቀምሱ ስጠይቃቸው ግን ሳቅ ብለው ወሬ ቀየሩ።

ችግሩ ጉልበታቸው ነው። የቀኙ ከተበላሸ ቆይቷል፤ የእኛ ሰፈር መንገድ ደግሞ ለጤነኛም የሚያስቸግር ቁልቁለት ነው። አምና ጥምቀት ታቦቱን የሸኙት ደጃፋቸው ላይ ወንበር አውጥተው፣ ተቀምጠው ነው። እልልታቸው ከሁላችንም በላይ ይሰማ ነበር። ሕዝቡ መታጠፊያው ላይ ሲሰወር ግን ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አደረጉ።

ከብዙ ምልልስ በኋላ ጉልበታቸው በቀዶ ሕክምና እንዲቀየር ወረፋ ተያዘላቸው። ስምንት ወር ጠብቀው የመጨረሻው የምርመራ ቀጠሮ ለጥር ዐሥራ አራት ሆነ። ሐኪሙ ታዲያ አስጠንቅቋቸዋል፤ በዚያ ቀን ሚዛን ላይ ወጥተው ከሰማንያ አምስት ኪሎ ካለፉ ተራው ለሌላ ሰው ይሰጥና እንደገና ከወረፋው መጨረሻ ይጀምራሉ። እሳቸውም ከመስቀል ጀምረው ስኳሩንም ጠላውንም ተዉ። የነቢያት ጾምም አገዛቸውና ከዘጠና ሁለት ወደ ሰማንያ አራት ወረዱ። የቀራቸው ከገና እስከ ጥምቀት ያሉት ሁለት ሳምንታት ብቻ ነበሩ። እነዚያ ሳምንታት ምን እንደሚመስሉ ታውቃላችሁ። በእኛ ሰፈር በበዓል ሰው ቤት ገብቶ ጠግቤያለሁ ማለት እንደ ሰላምታ ነው የሚቆጠረው፤ ማንም ከቁም ነገር አይጥፈውም።

ገና ሊገባ ሳምንት ሲቀረው እኔ ለሽሮ ሜዳ ነጋዴዎች የምቋጨውን ነጠላ ይዤ ደጅ ተቀምጫለሁ፤ እትዬ ደሳለች መጡና አጠገቤ አረፍ ብለው ይህን ሁሉ አጫወቱኝ። ለሰው እንዳልናገር፣ በበዓሉ ቀን ከጎናቸው እንዳልለይና ብሉ ብሉ ሲሏቸው እንዳስጥላቸው ለመኑኝ። እሺ አልኩ፤ ማልኩም። ምሳ ሳይደርስ ለሾዴ ነገርኳት።

ሾዴ ከእኔ ሁለት ቤት ወረድ ብላ የምትኖር፣ የለሜሳ ሚስት ናት። ለሜሳ የሰፈራችን የቅርጫ ሰብሳቢ ነው። ሸጎሌ ወርዶ ከበሬ ነጋዴዎች ጋር ቀኑን ሙሉ ሲከራከር ውሎ የሚመጣው እሱ ነው። የገና ጠዋት በሬው በእሱ ግቢ ይታረድና ሥጋው ኮባ ቅጠል ላይ በዐሥራ ሁለት መደብ ይደለደላል፤ ከዚያ ዕጣ ይወጣል። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ምልክት አለው። የእኔ ክር የተጠመጠመበት ስንጥር ነው። የእትዬ ደሳለች ከአቶ መሸሻ ካፖርት ላይ የወለቀ ትልቅ ጥቁር ቁልፍ ነው። ምልክቶቹ ቆብ ውስጥ ተደባልቀው አንድ በአንድ በየመደቡ ላይ ይጣላሉ። ለሜሳ ጎንበስ ብሎ፣ ይህ ቁልፍ የማን ነው ሲል እትዬ ደሳለች የመሸሻ ነው ይላሉ። ሁላችንም የማን እንደሆነ እናውቃለን። ቢሆንም በየዓመቱ ይጠየቃል፣ በየዓመቱም ይመለሳል።

ለሜሳ ነገሩን ከሾዴ ሲሰማ ሆዱ ባባ። ደግ ሰው ነው፤ ደግ ባይሆን ኖሮ እንዲያ አያበላሸውም ነበር። ሥጋውን ቤታቸው ከትተን አትብሉ ማለት ግፍ ነው አለ። ስለዚህ ዘንድሮ መደብ እንዳይሰጣቸው፣ ያዋጡትንም ከሆስፒታል ሲወጡ በዶሮ እንድንክሳቸው ወሰነ። ሾዴ ደግሞ ቤታችን ጠርተናቸው እየበላን ማሳየቱም ማሰቃየት ነው ስትል ጨመረችበት። ሁሉም ቤት ተስማማ። እኔም ተስማማሁ፤ እንዲያውም ብልህ ነገር የሠራን መስሎኝ ነበር።

የገና ጠዋት በአጥሩ ቀዳዳ አየኋቸው። ከቅዳሴ መልስ የበዓል ቀሚሳቸውን እንደለበሱ በራቸው ላይ ተቀምጠዋል። የታጠበው ሳፋቸው አጠገባቸው አለ። በሬው ታረደ፣ ተደለደለ፣ ዕጣው ወጣ። የእሳቸውን ምልክት የጠየቀ አልነበረም። እኔ ድርሻዬን በነጠላ ሸፍኜ በኋላ በር በኩል ገባሁ። ያን ዕለትም በማግስቱም ምግብ ከቤት ቤት የሚላከው በላይኛው መንገድ ዞሮ ነበር። ሾዴ በእሳቸው ደጃፍ ላለማለፍ ብላ ስትዞር አንድ ሳህን ዱለት አፈር አበላችው። ከጎናቸው እንዳልለይ ምዬ የነበርኩት እኔ ሁለት ቀን ሙሉ አልረገጥኳቸውም። ዓይናቸውን ካየሁ እንደምለፈልፍ አውቀዋለሁ።

በሦስተኛው ቀን ጎመን ቀቅዬ፣ ዘይት ሳላበዛ፣ በራሴ ተደስቼ ሄድኩላቸው። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ጎመኑን አላዩትም።

«ዓለሜ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ምን አጠፋሁ?»

ምን መሆናቸውን ለመጠየቅ አፌን ስከፍት በእጃቸው አስቆሙኝ።

«ሃያ ስድስት ዓመት ከዚህ ቅርጫ ቀርቼ አላውቅም። መሸሻን በቀበርኩበት ዓመት እንኳ ለሜሳ ራሱ መጥቶ ሳፋዬን ወስዶልኛል። ሰው ከቅርጫ የሚወጣው ወይ ሲጣላ ነው ወይ ሲሞት ነው። እኔ የትኛው ነኝ?»

ዱካው ላይ ቁጭ አልኩና ሁሉንም ተናዘዝኩ። መጀመሪያ ለሜሳ ነው አልኩ፤ ቆይቼ ሾዴ ናት አልኩ፤ መጨረሻ ላይ ወሬውን ያወጣሁት እኔ መሆኔን አመንኩ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ትሪ ጠቆሙኝ። የድፎ ዳቦ ቅርፊትና ፍርፋሪ ብቻ ቀርቶበታል። የገና ዕለት እንኳን አደረሰዎ ለሚል ሰው እቆርሳለሁ ብለው የጋገሩት ነው። ሰው አልመጣም። መጀመሪያ እንዳይደርቅ ብለው ቆርሰው ቀመሱ፤ ከዚያ በንዴት በሉ፤ የቀረውን እንዴት እንደጨረሱት አያውቁትም።

ታክሲ መያዣው ጋ ሚዛን ይዘው የሚቀመጡ አባባ ዋቅጋሪ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ። ደግፌያቸው ወጣን። አባባ ዋቅጋሪ መነጽራቸውን አስተካክለው ወደ ሚዛኑ ጎንበስ አሉና፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ በጆሮዬ ነገሩኝ። ሰማንያ ስድስት ተኩል። እትዬ ደሳለች ግን ከፊቴ አነበቡት። ወደ ቤታቸው ተመለስን። በሩን ከዘጋን በኋላ አለቀሱ። ከባላቸው ቀብር ወዲህ ሲያለቅሱ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ለሜሳ ቤት ወረድኩ። ምሳ ሊበላ እጁን ታጥቧል። እኛ ከልክለናቸው ሁለት ኪሎ ተኩል እንደጨመሩ ስነግረው በእጁ የያዘውን መለሰው። ተነስቶ ቆቡን በእጁ ይዞ ወጣ፤ እኔና ሾዴ ተከተልነው። የእትዬ ደሳለች በር ላይ ቆሞ ማጥፋታችንን፣ ለክፋት አለመሆኑን፣ ቢረግሙትም እንደማይቀየም እየተንተባተበ ነገራቸው።

«ይቅርታው ይቆይ» አሉት። «ምሳ በልታችኋል?»

«ገና ነን፣ እትዬ።»

«እንግዲያው እመጣለሁ። እኔ አልበላም። እናንተ ግን ከእኔ እጅ ትበላላችሁ።»

ነገሩ ሁሉ ከዚያ ተጀመረ። እትዬ ደሳለች የእኔን ጎመን በልተው፣ ውኃ ጠጥተው ለሜሳ ቤት ገቡ፤ ከገበታው ራስ ተቀምጠው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ለአራት መቶ ሰው ድግስ ወጥ ያማሰለ እጅ ሲያጎርስ ምን እንደሚመስል ያልጎረሰ አያውቀውም። ለሜሳ ሦስተኛው ጉርሻ ላይ ማሩኝ አለ። አራተኛውን ለመሸሻ ብለው ሰጡት። ለመሸሻ ከተባለ እንዴት እንቢ ይላል? ሾዴ ሳቋን መቆጣጠር ሲያቅታት ለእሷም ደረሳት።

በማግስቱ ሌላ ቤት ጠራቸው፤ ከዚያ በኋላ በየተራ ሆነ። በየቀኑ ከቤታቸው ጎመናቸውንና ግማሽ እንጀራቸውን ቀምሰው፣ አንድ እጃቸውን በዱላ፣ አንዱን በእኔ ትከሻ አድርገው ቁልቁለቱን ይወርዳሉ፣ ዳገቱን ይወጣሉ። እየቆሙ ነው፤ እያማረሩ ነው፤ ግን ይሄዳሉ። የሚያስጨንቀኝ ነገር ብሉልን የሚላቸው ሰው ነበር። ሳየው ግን ብሉ የሚል ሁሉ አፉ ሙሉ ነበር። አንድ ቀን ጥብሱ ሲንጫጫ ዓይናቸው ምጣዱ ላይ ሲቀር አየሁና አያምርዎትም ወይ አልኳቸው። እንዴት አያምረኝም አሉ፤ ግን ድሮም ድግስ ላይ እሳቸው ሳይበሉ ሰው ሲበላላቸው ማየት ነበር ደስታቸው። ገና ዕለት የራባቸውም ያ እንጂ ሥጋው አልነበረም።

ጥምቀትም አለፈ፣ ቃና ዘገሊላም አለፈ። አባባ ዋቅጋሪ ጋ ግን አልሄድንም፤ እሳቸው ፈሩ፣ እኔም ፈራሁ።

ጥር ዐሥራ አራት ጠዋት ሆስፒታል ገባን። ነርሷ ሚዛኑ ላይ ይውጡ ስትላቸው ጫማቸውን አወለቁ። ነጠላቸውን ሰጡኝ፤ ሹራባቸውን፣ ሻሻቸውን፣ የቤት መክፈቻቸውን፣ ቀጥለውም ማበጠሪያቸውን። ነርሷ ገና የሚያወልቁት አለ ወይ ብላ ጠየቀች። ማተባቸውን በጣታቸው ይዘው ይህንንስ አላወልቅም አሏት። ክር አይመዝንም እማማ፣ ይውጡ አለቻቸው። እኔ ዕቃቸውን ታቅፌ ግድግዳ ግድግዳውን አይ ጀመር።

ሰማንያ አራት ከስድስት መቶ ግራም።

ሐኪሙ ፈረመ። ቀዶ ሕክምናው ለጥር ሃያ ሰባት ሆነ፤ እስከዚያ እንዳይጨምሩም መከራቸው። ነርሷ እኔንም ልመዝንሽ ወይ ስትለኝ የመጣሁት ለመሸኘት ነው ብዬ ፈጥኜ ወጣሁ። የቀሚሴ ዚፕ ከቃና ዘገሊላ ጀምሮ መልሱን ነግሮኛል።

ሰፈራችን ደርሰን ከታክሲ ስንወርድ ለሜሳ አንዲት የቆመች ማኪና ጎማ በእግሩ እየነካ ይመረምራል፤ ማኪናዋ የማን እንደሆነች እሱም አያውቅም። ሾዴ የተጠረገ ደጅ ትጠርጋለች። እትዬ ደሳለች ክንዴን ቆንጠጥ አድርገው ዝም እንድል አዘዙኝ። ከዚያ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው በሁለቱ መካከል አለፉ። ቀና ብለውም አላዩዋቸው። ለሜሳ ጎማውን ተወ። ሾዴ መጥረጊያዋን እንደያዘች ደረቀች። እትዬ ደሳለች አራት አምስት ርምጃ ከሄዱ በኋላ ቀስ ብለው ዞሩ።

«እኔም ሁለት ቀን እንዲህ ነበርኩ» አሉ። «በቃ፣ ጨረስን። ሐኪሙ ፈርሟል።»

ለሜሳ ቆቡን አውልቆ እንደገና ደፋው። ከዚያ መጥቶ ዱላቸውን ተቀበለና ክንዳቸውን በክንዱ ያዘ። ሾዴ ቦርሳቸውን ከእኔ ወሰደች። ቁልቁለቱን ስንጀምር ለሜሳ ደስታው አጣደፈው መሰለኝ፣ ሳብ ሳብ ያደርጋቸው ጀመር።

«ቀስ በል እንጂ» አሉት እትዬ ደሳለች፣ «ጉልበቱ እኮ ገና የድሮው ነው።»