መስቀሉ ላይ የታሰረው ሰዓት

መጀመሪያ ሳላቸው ተሰማ። የጭቃውን ግድግዳ አልፎ የሚመጣ፣ ሦስት ጊዜ አጠር አጠር ያለ፣ አንድ ጊዜ ረዘም ያለ ሳል። ዓይኔን ሳልገልጥ ቆጠርኩት። ድምፃቸው ተከተለ።

«አበረ! ነግቷል እኮ! ና ቁጥሬን ንገረኝ!»

እማማ የብርጓል አከራዬ ናቸው። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ የቀረሁ፣ እዚሁ ይጁቤ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ለሰው ማመልከቻ የምጽፍ ነኝ። ብዙ ወዳጅ የለኝም። ቀን የሌላውን ሰው አቤቱታ እጽፋለሁ፤ ሲመሽ ጋደም ብዬ ጣራ ጣራውን እያየሁ በሐሳብ እሄዳለሁ። ከሰው ጋር የማወራው ወሬ ቢኖር ይኸው የጠዋቱ ነበር።

እጃቸውን ይዘረጋሉ። ጥቁሩ ሰዓት ከረጅሙ እጅጌ ሥር ብቅ ይላል። ነካ አደርገዋለሁ፤ ከዚያ ቁጥሩን እንጠብቃለን። እማማ ትንፋሻቸውን ሁሉ ስለሚይዙ «ኧረ ይተንፍሱ!» እላለሁ።

«ስንት ነኝ?»

«ዘጠና አምስት።»

«ትናንትስ?»

«ዘጠና አራት።»

«አድጌያለሁ በለኛ!»

ሰዓቱን ያመጣው ልጃቸው መሳፍንት ነው። ክረምት ላይ የሳንባ ምች ይዟቸው ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ዘጠኝ ቀን በኦክስጅን ተኝተው ነበር። ሲሻላቸው መሳፍንት «እዚሁ ከእኔ ጋር ትኖሪያለሽ እንጂ አልመልስሽም» አለ። እሳቸው ደግሞ፣ «ባሌ ያረፈው ይጁቤ፣ ማኅበሬ ይጁቤ። አንተ ያለኸው ፎቅ ላይ ነው። እዚያ ላይ ቁጭ ብዬ ምን ልጠብቅ፣ ደመና?» ብለው እምቢ አሉ።

በመጨረሻ ተዋዋሉ። ሰዓቱ የልብ ምትንና በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይለካል፤ እኔ ጠዋት ጠዋት አይቼ በቴሌግራም እልክለታለሁ። ኦክስጅኑ ሦስት ቀን ተከታትሎ ከዘጠና በታች ከሆነ ግን ክርክር የለም፤ መጥቶ ይወስዳቸዋል። እማማ «ይሁን» ብለው ቃል ሰጡ።

መስከረም ሃያ ሁለት ጠዋት ሰዓቱ ሰማንያ አራት አለ። ደግሜ ለካሁ። ሰማንያ ሁለት።

«ምነው ፊትህ ተለዋወጠ?»

«ትንሽ ወርዷል።»

«ስንት?»

ነገርኳቸው። እጃቸውን ሰበሰቡ።

«እኔ ደህና ነኝ እኮ። ትናንት ማኅበር ላይ ስስቅ ነው የዋልኩት።» ከዚያ ጠጋ ብለው፣ «አንተ፣ ቀኑን ሙሉ ለሰው ስትጽፍ እንባውንም ብሶቱንም ትጨምርለት የለም? ለእኔ አሥር ቁጥር ብትጨምርልኝ ምን ትሆናለህ?»

«እማማ፣ ይሄ ማመልከቻ አይደለም።»

«ጎሽ! ለእኔ ሲሆን ጻድቅ ሆንክ!»

ልጨምርላቸው አላሰብኩም አልልም። ጣቴ ስልኩ ላይ ቆሞ ነበር። ግን ዋሽቼ ልኬ፣ አንድ ጠዋት ከግድግዳው ማዶ ምንም ባይሰማስ? እውነቱን ላክሁ። በማግሥቱ ሰማንያ አንድ። በሦስተኛው ቀን ሰማንያ ሦስት። እማማ ያን ቀን አልቀለዱም። «ስንት ነኝ?» ብለው እንኳ አልጠየቁም።

መሳፍንት ከሰው የተዋሰውን ፒካፕ ይዞ ከሰዓት በፊት ደረሰ። ፊቱ ላብ በላብ ሆኗል።

«በይ እማ፣ ልብስሽን ሰብስቢ።»

«ሰብስቤያለሁ። ቃሏን የምትበላ ሴት አልወለደችህም።»

ጓዛቸው በአንሶላ ተቋጥሮ መደቡ ላይ ተቀምጦ ነበር። ወደ እኔ አላዩም፤ እኔም ወደ እሳቸው ማየት ከበደኝ። ሰዓቱን ፈቱና ዘረጉልኝ።

«እንካ ለጌታው ስጥልኝ። ከቤቴ ያስወጣኝን ነገር አስሬ አልሄድም።»

ልቀበል ስል ክንዳቸውን አየሁ። ሰዓቱ አርፎበት የነበረው ቦታ ላይ፣ በልጅነታቸው የተነቀሱት፣ ጠርዙ የፈዘዘ ወፍራም መስቀል አለ።

«እማማ፣ ሰዓቱን በግራ እጅዎ አልነበረም እንዴ የሚያስሩት?»

«ነበር።»

«መቼ ቀየሩት?»

«የግሸን ማርያም ለት ነዋ። ማኅበርተኞቼ ‹ይሄ ብልጭ ድርግም የሚል ነገር ምን ያውቃል፣ ይዋሽሻል› እያሉ ሲያሾፉብኝ፣ መስቀሉ ላይ ካረፈ አይዋሽም ብዬ ወደ ቀኝ አዞርኩት። ምን አጠፋሁ?»

እሳቸው ምንም አላጠፉም። እኔ ነኝ ቁጥሩን እያየሁ እጁን ያላየሁት። የሰዓቱ መመሪያ ላይ «ንቅሳት» የሚል ቃል አንብቤ ነበር፤ የከተማ ጎረምሳ የሚነቀሰውን መስሎኝ ዘለልኩት። ሰዓቱ ከሥሩ ብርሃን ወደ ቆዳ እየላከ፣ ከደሙ በሚመለስለት ብርሃን ነው የሚለካው። የንቅሳቱ ቀለም ብርሃኑን ከዋጠው ምን ይዞ ይቁጠር?

እየተንተባተብኩ ይህንኑ ነገርኳቸውና ግራ እጃቸው ላይ አሰርኩት። ሦስታችንም ትንፋሻችንን ያዝን።

ዘጠና አምስት።

«አላልኩም!» እማማ ጭናቸውን መቱ። «አላልኩም ደህና ነኝ!»

መሳፍንት አላመነም። «ተበላሽቶ ይሆናል። እስቲ ወዲህ በለው» አለና በራሱ እጅ ላይ አሰረው። ኦክስጅኑ ዘጠና ስድስት። ልቡ መቶ ሃያ ሁለት።

እማማ ፊደል ባይቆጥሩም በሁለት ወር ውስጥ ቁጥሩን ለምደውታል። አንገታቸውን አስግገው አዩ።

«ይሄ ልብህ ነው?»

«መንገዱ ነው እማ። ስነዳ ነው የመጣሁት።»

«ተቀመጥ።»

ተቀመጠ። እርጎ ሰጡት። ከሚስቱ ከተለያየ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ስለዚያ ማንም አላነሣም። ስለ ጤፉ፣ ስለ ዘንድሮ ውርጭ አወሩ። ግማሽ ሰዓት ያህል ሲሆን እማማ በአገጫቸው ምልክት ሰጡኝና ለካሁት። መቶ አሥራ ዘጠኝ።

«ተቀምጦ ከመቶ ካለፈ ጥሩ አይደለም ያልከኝ አንተ አይደለህም?»

«ለአንቺ ነው እንጂ!»

«ሐኪም አይቶሃል?»

«በየት ጊዜዬ?»

«ራትህንስ ማን ይሠራልሃል?»

«ዳቦ ቤቱ» ብሎ ሳቀ። ብቻውን ነው የሳቀው።

ከዚያ ተነሣ፤ ሲነሣ የበሩን መቃን ያዝ አደረገ። «በቃ፣ አሸንፈሻል። ቅሪ። እኔም መኪናውን ሳይመሽ ላድርስ» ብሎ ሰዓቱን ፈቶ ሊያስርላቸው ሲል፣ እማማ እጁን ወደ ራሱ መለሱለት። «አንተ እጅ ላይ ይቆይ፤ ጠዋት ጠዋት እኔ አየዋለሁ።»

ጓዛቸውን ከመደቡ አነሡ። ሁላችንም ስንወጣ በሩን ቆለፉ፤ ቁልፉን መዳፌ ላይ አኖሩና ጣቶቼን አጠፉልኝ።

«እማ? ዘጠና አምስት ነው እኮ!» አለ መሳፍንት። «ማን አስገደደሽ?»

ጋቢና ገቡ። በሩን ሁለት ጊዜ ሳቡት፤ በሁለተኛው ተዘጋ። ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አድርገው ፊት ለፊት ወደ መንገዱ አዩ። መሳፍንት ወደ እኔ ዞረ፤ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። ዞሮ በወዲያኛው በር ገባና መኪናውን አስነሣ።