ማንንም የማያሳልፍ በረኛ

ቁልፎቹን ያየሁት ዘግይቼ ነው። አዲሱ በረኛችን ወደ ሜዳው ሲገባ ካፖርቱን አይቼ የእንጦጦ ብርድ ቢያስፈራው ነው አልኩ። በትሩንም አይቼ ዕድሜው ገፋ ስላለ ነው አልኩ። ከወገቡ ላይ የሚያቃጭለውን የቁልፍ ዘለላ ልብ ያልኩት ግን ቡድኖቹ ተሰልፈው፣ ዳኛው ፊሽካውን አፉ ውስጥ ከከተተ በኋላ ነበር።

እኔ መብሩካ ክፉ ክፉውን በማሰብ የታወቅሁ ነኝ። ኳስ ለማየት ስሄድ እንኳ ፋሻና አዮዲን ይዤ ነው። ይህን ግን አላሰብኩትም።

ልጄ ከማለዲን በደህናው ጊዜ አገር ያወቀው አጥቂ ነበር። ሁለት ጊዜ የሻምፒዮና ዋንጫ አንስቷል። ሁለተኛውን ባነሳ በዓመቱ ጉልበቱ ሄደ። ይህ ኳስ አንድ ቀን ጉልበትህን ይሰብረዋል ብዬው ነበር፤ እኔ ያልኩት የግራውን ነው፣ የተሰበረው የቀኙ። ከዚያ በኋላ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ምግብም ወሬም አልፈልግ አለ። ከአልጋው ያስነሳልኝ የፈረንሳይ ለጋሲዮን ቀበሌያችን ነው፤ የወጣቶቹ ቡድን አሰልጣኝ አደረገው። ተነሳ፣ ጢሙን ተላጨ፣ ፊሽካ አንገቱ ላይ አሰረ።

ችግሩ ከማለዲን ማሰልጠን አለመቻሉ ነበር። የሚያውቀው አንድ ትእዛዝ ብቻ ነው፤ "እንደ እኔ አድርጉ" ይላል። እንደ እሱ ማድረግ የሚችል ደግሞ አልተገኘም። ተሸነፉ፣ ደግመው ተሸነፉ። በመጨረሻ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ተሾመ፣ እሁድ ሁለቱ ቀበሌዎች ብቻ ለዋንጫ በሚገጥሙበት ጨዋታ ኮተቤዎች ካሸነፏችሁ ሌላ አሰልጣኝ ይመደባል ብሎ ቁርጡን ነገረው። እኔም ያን ቀን፣ ቢሸነፍ ፊቱን የሚያዞርበት እንዳያገኝ፣ የልጄን አልጋ ከግድግዳው አራቅሁት።

ይባስ ብሎ በዚያው ሳምንት በረኛቸው የገዛ ቤቱን በር ሲዘጋ ጣቱ ተጨፈለቀ። ከማለዲን ወደ ቀበሌ ሮጦ፣ ማንንም የማያሳልፍ ጠንካራ በረኛ ፈልግልን ብሎ ጓድ ተሾመን ለመነው። ጓድ ተሾመ ስለ ኳስ የሚያውቀው ክብ መሆኑን ብቻ ነው። አንድ ሰው አለኝ፣ እስከ ዛሬ ማንም አላለፈውም፣ ሚስቴን እንኳ መልሷታል አለው። ልጄ ሊቀመንበሩ ሚስቱን ለምን ጎል ለማግባት እንደላካት ሳይጠይቅ እየፈነጠዘ መጣ።

ቁልፎቹን ሳይ ገባኝ። ሰውየው የካራ ሰፈሩ ጉደታ ነው፤ የቀበሌ ሱቃችን በረኛ። ስኳር በመጣ ቀን ሰልፉን የሚያስከብረው እሱ ነው።

ከማለዲንም ገብቶት ጠጋ አለው። "ጋሽ ጉደታ፣ ኳስ ተጫውተው ያውቃሉ?"

"እኔ በር ነው የምጠብቅ። በሩ የታል?"

ልጄ ሁለቱን የባህር ዛፍ ቋሚዎች አሳየው። ጉደታ ዞር ዞር ብሎ መረመራቸው።

"ቁልፍ የለውም?"

"የለውም።"

"እንግዲያው ሥራው ከባድ ነው" አለና በትሩን አስቀምጦ መሃል ላይ ቆመ።

ሰውየውን መመለስ አይቻልም። የላከው ጓድ ተሾመ ሜዳው ዳር ወንበር ላይ ተቀምጧል። ፊሽካው ተነፋ። ብዙም ሳይቆይ ቱሉ የሚባለው የኮተቤዎች ረጅሙ አጥቂ ሁሉንም አልፎ ብቻውን መጣ። ዓይኔን ልጨፍን ስል ጉደታ መዳፉን ዘረጋ።

"መታወቂያ።"

ቱሉ ቀጥ አለ። እጁ ቁምጣው ላይ ኪስ ይፈልግ ጀመር። በዚያ ዘመን ያችን ቃል ሰምቶ ኪሱን የማይዳብስ ሰው የለም። ዳኛውም ደረቱን ዳበሰ። እኔም ቦርሳዬን ከፍቼ ነበር። ኳሷ ተንከባልላ ጉደታ እግር ሥር ቆመች፤ ልጆቻችን ወስደው በዚያው ሩጫ ጎል አገቡ።

የኮተቤዎቹ አሰልጣኝ እየጮኸ ገባ። ዳኛው አንድ ጊዜ ወደ እሱ፣ አንድ ጊዜ ወደ ጓድ ተሾመ አየ። መታወቂያ መጠየቅ ጥፋት ነው ብሎ በሊቀመንበር ፊት የሚፈርድ ዳኛ ከየት ይመጣል? ጨዋታው ይቀጥል አለ።

ከእረፍት በኋላ ቱሉ መታወቂያውን ካልሲው ውስጥ ሸጉጦ መጣ። ኳሷን በእግሩ ረግጦ ይዞ መታወቂያውን አውጥቶ ሰጠው። ጉደታ ፊቱንም ጀርባውንም አየ፤ ፎቶህ ላይ ጢም የለህም አለው። ቱሉ ያን ጊዜ ልጅ ነበርኩ ብሎ ማለ።

"እለፍ ልጄ" አለ ጉደታ፣ ገለል ብሎ።

ቱሉ አመስግኖ አገባ። አንድ ለአንድ። እኔ በልቤ አልጋውን ወደ ግድግዳው መለስኩት።

የኮተቤዎቹ ጭፈራ ሳይበርድ የእኛ ልጆች በዕድል ሁለተኛ አገቡ። ያኔ መዓቱ ወረደ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ኮተቤዎች ሁሉም መታወቂያቸውን በእጃቸው ይዘው፣ እንደ ሰልፍ ተከታትለው ወደ ጎላችን መጡ። ጉደታም በደንብ ሊቀበላቸው ጉሮሮውን ጠረገ።

ልጄ እንደ እኔ አድርጉ ብሎ ይጮሃል ብዬ ጠበቅሁ። አልጮኸም። በዚያ ጉልበቱ እያነከሰ ከጎሉ ጀርባ፣ እኔ ወደቆምኩበት፣ ዞረና ቀስ ብሎ ተናገረ።

"ጋሽ ጉደታ፣ ስኳር አልቋል።"

የሰውየው ፊት ተለወጠ። ካፖርቱን እንደ አሞራ ክንፍ ዘረጋው። "አልቋል። ነገ ኑ።" ቱሉ መታወቂያውን አሳየ፤ ማን ሊያይለት። ኳሷን ቢመታት ካፖርቱ ውስጥ ገብታ ቀረች። ከኮተቤዎቹ ሁለቱ በልማድ ፊታቸውን አዙረው መንገድ ጀመሩ። አንደኛው ዘይትስ አለ ወይ ብሎ ሲጠይቅ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ዳኛው የማብቂያውን ፊሽካ ነፋ።

ጓድ ተሾመ ከወንበሩ ተነስቶ አጨበጨበ፤ አሰልጣኙ ይቆያል፣ በረኛውም ይቆያል አለ።

ማታ ከማለዲን ፊቱን ወደ ግድግዳው ሳይሆን ወደ እኔ አድርጎ ተቀመጠ። ዋንጫውን ጉልበቱ ላይ፣ የቀኙ ላይ፣ አስቀምጦ ጨዋታውን እንዳላየሁ ሰው ከመጀመሪያው ይተርክልኛል። እኔ ግን ልቤ በሩ ላይ ነው። ሰዓት እላፊው ተቃርቧል፣ የሰፈሩ ሰው ደግሞ ዋንጫ እንይ እያለ ያንኳኳል። አንዱን ሸኝቼ ልዘጋ ስል ሌላው ይመጣል።

"ልጄ፣ ለሚቀጥለው ጨዋታ ስኳር ቢመጣስ ምን ትሆናላችሁ?" አልኩት።

እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እንደገና ተንኳኳ። ከማለዲን እያነከሰ ተነስቶ አፉን ወደ በሩ አስጠጋ።

"አልቋል። ነገ ኑ።"

ከውጭ ሳቅ ተሰማ፤ ከዚያ የሚርቅ ኮቴ። መወርወሪያውን ወረወርኩ፣ ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዞርኩ፣ መያዙንም በትከሻዬ ገፍቼ አየሁ።