ዱዓ ላይ የተጠራ ስም

የእማዬ ጓደኛ ሸፊቃ ክፉ ሴት አይደለችም። እሱን መጀመሪያ ልንገራችሁ፣ ኋላ መጥላታችሁ አይቀርማ። የኩዌት ጦርነት ጊዜ ሳይረን ሲጮህ እኔንና እማዬን እየጎተተች ደረጃ ስር የምትከተን እሷ ነበረች። ወንድሜን ነስሩንም እዚህ ሳውዲ፣ ደማም ከተማ፣ አል ባዲያ ሰፈር ያለችው ትንሽዬ የአካል ጉዳተኛ ልጆች ማእከል ያስገባችው እሷ ናት። እዛ ታጸዳለች፣ ሻይ ታፈላለች።

ነስሩ ስምንት ዓመቱ ነው። አይናገርም፣ አንዳንዴም ይጥለዋል። ቱቅባ የምንኖርበት ፎቅ ላይ ይሄን የሚያውቅ የለም። ሲጥለው ድምፁ እንዳይሰማ እማዬ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን ትከፍታለች፣ ባዶውን ይንኳኳል። አፍረንበት እንዳይመስላችሁ። የአባዬ ካፊል፣ የኩባንያው ባለቤት፣ የሁላችንም ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ በሱ እጅ ነው። ገና እኛን ሲያስመጣን "በሽተኛ አልፈልግም" ብሎታል። ሚስቱ የታመመችበትን አንድ ሱዳናዊ ኹሩጅ፣ የመውጫ ቪዛ፣ መትቶ ከነቤተሰቡ ላገሩ ሲሸኘው አይተናል። አገር ቤት ደግሞ ለነስሩ ምን አለ? ሐኪሞቹ "ሲያድግ ይተወዋል" ብለው ነው የመለሱን።

ማእከሏ ጋ ግን አንዲት ዮርዳኖሳዊት አስተማሪ በእጅ ምልክት ታስተምረዋለች። አውራ ጣቱን ከንፈሩ ላይ ነካ ነካ ካደረገ ውሃ ማለት ነው። እቤት መጀመሪያ ያደረጋት ቀን እማዬ ኩሽና ገብታ አለቀሰች። እሱ ጠጣና ደግሞ ጠየቀ፣ ጠጣና ደግሞ ጠየቀ፣ ሆዱ እስኪነፋ። የስምንት ዓመቱን አጠራቅሞ ነው መሰለኝ። አስተማሪዋ "እዚህ ያየነው እዚህ ይቀራል" ብላናለች። ሸፊቃን ደግሞ እማዬ በቁርኣን አስምላታለች።

በቃ፣ አርብ አርብ የኛ ሴቶች አንዷ ቤት ተሰብስበው ዱዓ ያደርጋሉ። እዛ ዝም ብሎ "ለአንድ ልጅ" አይባልም፤ የማን ልጅ፣ ምን ሆኖ፣ በስሙ ተጠርቶ ነው አሚን የሚባለው። አንድ አርብ ሸፊቃ የነስሩን ስም ጠራች። ከሴቶቹ አንዷ ካፊሉ ቤት ነው የምትሰራው። እሷም ክፋት የላትም እኮ! አንጀቷ ተላውሶ ለልጁ ብላ ማዳሟን፣ የካፊሉን ሚስት፣ የዘምዘም ውሃ ለመነቻት። ማዳም ደግሞ የማን ልጅ ነው አለቻ።

ካፊሉ አባዬን ጠርቶ ልጁን አምጣውና ልየው አለው።

የዛን ቀን እማዬ ሸፊቃን በር ላይ ነው ያቆመቻት። ግቢ እንኳን አላለቻትም።

"ምን አደረግኩሽ፣ ሸፊቃ?"

"ወላሂ ለዱዓ ብዬ ነው፣ ዘይኔ። ስም ካልተጠራ ዱዓው ማን ጋ ይሂድ?"

"አላህ አድራሻችን ጠፍቶት ነው?"

ሸፊቃ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች፣ ማእከሉ ከሰማ ያባርረኛልና አደራ ለማንም እንዳትናገሪብኝ ብላ ለመነቻት። እማዬ አፏን ያዘች። ልትስቅ ይሁን ልትጮህ እኔንጃ። በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው።

ኾበር፣ ካፊሉ ቢሮ፣ አባዬ እኔንም ይዞኝ ሄደ፤ ዓረብኛዬ ከሱ ይሻላላ። ለነስሩ መድኃኒቱን ሰጥተን፣ የኢድ ሸሚዙን አልብሰነዋል። ዝምተኛ ነው፣ ዓይን አፋር ነው ልንል ተስማምተናል። ነስሩም ተአምር ነው፣ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ጭጭ። ካፊሉ ራሱን ዳበሰው፣ ስቆለትም ነበር። ልጁ ምንም አልሆነ፣ ሴቶች ወሬ ይወዳሉ አለ። ይሄኔ አባዬ ሲተነፍስ ሰማሁት።

ነስሩ አውራ ጣቱን አነሳና ከንፈሩን ነካ ነካ አደረገ።

"ምን እያለ ነው?" አለኝ ካፊሉ።

"እየተጫወተ ነው በይው" አለ አባዬ፣ በአማርኛ፣ ቀና ሳይል።

ነስሩ እያየኝ ነው። አልሰማሁት መስሎት ደገመው፣ ጠንከር አድርጎ። ይሄን ለመናገር ስንት ለፍቷል፣ እንዴት ነው አልገባኝም የምለው?

"ውሃ ጠምቶታል" አልኩ።

ካፊሉ ራሱ ተነስቶ ቀድቶ ሰጠው። ሲጠጣ ቆሞ አየው፣ ብዙ አየው። ከዛ ወደ አባዬ ዞረ። "መስኪን። አገሩ፣ ዘመዶቹ ጋ ይሻለዋል። ኸላስ፣ አለቀ።" ያንን መተርጎም አላስፈለገኝም።

ነስሩ ብርጭቆውን ጨረሰና ወደ ካፊሉ ዞሮ አውራ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

ካፊሉ አሁን ገብቶታል። ደግሞ ቀዳለት።