መጂዳ በየት በኩል ትሂድ?

ሳጂዳ ሐረር ላይ ወንድ ልጅ መገላገሏ መተማ ዮሐንስ የተሰማው ረፋድ ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ግማሹ ከተማ ለእናቷ ለመጂዳ መንገድ መርጦላት ጨርሶ ነበር።

መጂዳ ከባሏ ከኸሊፋ ጋር ሰሊጥ ትነግዳለች። ከድንበር ማዶ ከገላባት እስከ ሸኸዲ የማታውቀው ደላላ የለም፤ ከጎንደር ወዲያ ግን ረግጣ አታውቅም። አውሮፕላን ሲያነሱባት፣ "እኔ መስኮት ከፍቼ ሰው መጠየቅ በማልችልበት ነገር አልሄድም" ብላ ዘጋችው። የቀረው የምድሩ ነው፤ ከጎንደር ወይ በጎጃም አድርጎ አባይን መሻገር፣ ወይ በደብረ ታቦር ዞሮ በወሎ መውረድ።

መጀመሪያ ደምለው መጣ። የደንበጫ ልጅ ነው፤ ለአጨዳ ቆላ ወርዶ፣ አጨዳው ሲያልቅ በነመጂዳ መጋዘን ሰሊጥ እያበጠረ ቀርቷል።

"እትዬ፣ በጎጃም ነው እንጂ! ሰዉ እንግዳ ወዳድ፣ አገሩ ለምለም። ደንበጫ ላይ ይውረዱ፤ እናቴ እግርዎን አጥባ ታሳድርዎታለች።"

"የወሎውስ?"

"ኧረ ይተዉት! ጋሸና ላይ ነፋሱ የለበሱትን ቶብ ገፎ ላሊበላ ያደርሰዋል።"

እሱ ዞር ከማለቱ ለይኩን ከች አለ። የደላንታ ሰው ነው፤ ከደምለው ጋር በአንድ ወንፊት ነው የሚውሉት።

"በጎጃም ይሂዱ ያለዎት ሰው ጠላትዎ ነው፣ እትዬ። የአባይ በረሃን ቁልቁለት ሹፌሩ ራሱ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚወርደው! በኛ በኩል ግን አየሩ ብቻውን ያጠግባል። ወገልጤና ጎራ ቢሉ አባቴ በደስታ ያብዳል።"

መጂዳ ዕድሜዋን ሙሉ ጆንያ በእጇ እያነሳች አሸዋ የተቀላቀለበትን ስትለይ የኖረች ናት። እነዚህ ሁለት ጆንያዎች ከበዷት።

"እነዚህ ልጆች ለኔ እግር አዝነው አይደለም" አለችው ኸሊፋን ምሳ ላይ።

"ታዲያ ጠይቂያቸው።"

"ሲጠየቅ እውነት የሚናገር ወንድ የት አይተህ ታውቃለህ?"

ኸሊፋ ሌላ ጉርሻ ጠቀለለ።

በማግስቱ ሁለቱንም መጋዘኑ ደጃፍ ጠራቻቸው። "ኻላስ፣ ቆርጫለሁ። ከሁለታችሁ ያገሩን መንገድ ጉድ አብልጦ የሚነግረኝ እሱ ሐቀኛ ነው፤ በሱ አገር በኩል እሄዳለሁ።"

ሁለቱ ተያዩ። ደምለው ጉሮሮውን ጠረገ። "እውነት ለመናገር፣ የአባይ ቁልቁለት ጆሮ ይደፍናል።"

"የጋሸና ብርድስ?" አለ ለይኩን ተሽቀዳድሞ። "ፍየል ቆማ ደርቃ አይቻለሁ!"

"በኛ በኩል ዝናብ ከጀመረ አያባራም።"

"በኛ በኩል ጭጋጉ! ሹፌሩ ረዳቱን ወርደህ መንገዱን ዳስሰው ይለዋል።"

ኸሊፋ ሳቁን በሻሹ ጫፍ አፈነ። መጂዳ ግን ፊቷ ንቅንቅ አላለም። ደምለው እየተሸነፈ መሰለውና ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰበሰበ።

"ይኸውና! ደንበጫ ላይ የአቶ ደረበ ውሻ የዘነጠለኝ ነው!"

"ሰው ግቢ ምን ልትሠራ ገብተህ?"

ደምለው ሱሪውን ቶሎ ወደ ታች ለቀቀ።

"ውቢትን ሊያይ ነዋ!" አለ ለይኩን። "ልጃቸውን! አጥር ዘሎ። እርስዎን የሚልክዎት ሽማግሌ እንዲሆኑለት ነው።"

"አንተስ?" ደምለው ዞረበት። "አብደራፊ የትራክተር ሹፌር ነኝ ብሎ ላባቱ ፎቶ የላከ! ትራክተሩ እኮ ጎማው ወልቆ ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ነው! አዎ ሹፌር ነው እንዲሉለት ነው የፈለገዎት!"

መጂዳ ያን ጊዜ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ውሸት ልትመሰክር አትፈልግም፤ ሽምግልና ግን ነፍሷ ነው። በጎጃም ሄደች።

ደንበጫ ደርሳ ከአቶ ደረበ ቤት ተቀመጠች። የእስላም ሥጋ ማግኘት እንዳይቸግራቸው "ሽሮ ነው የምወድ" ብላ አስቀድማ ገላገለቻቸው። አቶ ደረበ ረዥም፣ ኮስታራ ሰው ናቸው።

"ይኸ ደምለው ሠራተኛ ነው?" አሏት።

"ጧት ለመቀስቀስ ሁለት ሰው ይፈልጋል። ከተነሳ በኋላ ግን ለማስቆም ሦስትም አይበቃም።"

"ይዋሻል?"

"ይዋሻል። ግን አይችልበትም።"

ከጓዳ የታፈነ የሴት ሳቅ ተሰማ። አቶ ደረበ ወደዚያ ገልመጥ አሉ፤ ከዚያ የሳቸውም ከንፈር ከዳቸው።

"የማይችልበት ከሆነ ደግ። የሚችልበት ነው ቤት የሚያፈርስ። በሉ፣ በበሩ ይምጣና ዓይኑን ልየው።"

መጂዳ ሐረር ገብታ የልጅ ልጇን ከታቀፈች በኋላ ስልክ አነሳች። ለደምለው የአቶ ደረበን ቃል ነገረችው። ለለይኩን ደግሞ፣ "ስመለስ በወሎ ነኝ፤ አባትህ ቤት አድራለሁ፤ ያየሁትን እነግራቸዋለሁ" አለችውና ዘጋችበት።

ጥቂት ቆይቶ ኸሊፋ ደወለ። እየሳለ ነው።

"ምን ብለሻቸው ነው አንቺ ሴትዮ? አንዱ አዲስ ሸሚዝ ገዝቶ ደንበጫ ሄደ። አንዱ አብደራፊ ወርዶ ትራክተር አስተምሩኝ እያለ ሰው ያስቸግራል አሉ።"

"ታዲያ አንተ ምን ሆነህ ነው የምትስለው?"

"አቧራው ነዋ! ሰሊጡን ማን ያበጥረው!"

መጂዳ ሕፃኑ እንዳይነቃ አፏን በእጇ ያዘች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።